አንድ ደም፣ ስድስት ቁጥር፦ በዘር የሚመጣውን የኩላሊት በሽታ በምን እንለካው?

የድሬዳዋ የከሰዓት ሙቀት ገና አልበረደም። ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ የ38 ዓመት ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የታሰረ ፌስታል ትፈታለች። በውስጡ የሦስት ዓመት የላቦራቶሪ ወረቀቶች፣ የአልትራሳውንድ ውጤትና የታጣጠፉ የመድኃኒት ማዘዣዎች አሉ። አንድ በአንድ እየዘረጋች በመዳፏ ታስተካክላቸዋለች። አንደኛው ላይ «ክሬአቲኒን 1.4» ይላል፤ ክሬአቲኒን ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ቦታ የተሠራው ላይ ደግሞ «ክሬአቲኒን 124» ተብሎ ተጽፏል። ያን ወረቀት በተቀበለች ዕለት ስታለቅስ እንዳደረች፣ ቤተሰቡም ለእጥበት ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ መማከር ጀምሮ እንደነበር ነገረችኝ። ከ1.4 ወደ 124! በእሷ ቤት ኩላሊቷ አልቆለት ነበር።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው። የመጀመሪያው በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሁለተኛው በማይክሮሞል በሊትር የተጻፈ ነው። 1.4 በ88.4 ሲባዛ 124 ገደማ ይሆናል። በስምንቱ ወር ውስጥ ምንም አልተለወጠም ማለት ነው። አሃዱ በወረቀቱ ጥግ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ያስረዳት ሰው ግን አልነበረም። የአልትራሳውንዱ ወረቀት በሁለቱም ኩላሊቶቿ ላይ ውሃ የቋጠሩ ብዙ ከረጢቶች እንዳሉ ይናገራል። ስንት እንደሆኑና ኩላሊቶቿ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚረዝሙ ግን አይናገርም። እናቷ በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው «በኩላሊት» ነው የሞቱት፤ አጎቷም እንዲሁ። አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ እስካሁን ተመርምሮ አያውቅም።

ይህ ፌስታል የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ አስተዋይ ሐኪም ቁጭ ብሎ ቢያስረዳት ያልቅ ነበር። በዓለም ዙሪያ በዘር በሚተላለፍ የኩላሊት በሽታ ላይ የተካሄዱ ምርምሮችም ግን ቢዘረጉ እንደዚሁ ፌስታል ናቸው። እያንዳንዱ ተመራማሪ በራሱ መለኪያ ለክቷል፣ በራሱ አሃድ ጽፏል፣ በራሱ ጊዜ አቁሟል። ይህን ለማስተካከል ከባድ ጥረት ተጀምሯል። ጥረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ አገር ሕመምተኛ ተጠቃሚ የሚሆነው ግን መለኪያው አንድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ድሬዳዋ ላይም ሊለካ የሚችል፣ ድሬዳዋ ላይም ትርጉም ያለው ሲሆን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠላሳ ዓመት የሚጠብቅ በሽታ

ኩላሊትን በከረጢት የሚሞላው፣ ሐኪሞች በአጭሩ «ፖሊሲስቲክ» የሚሉት በሽታ በዘር ከሚተላለፉት የኩላሊት በሽታዎች መካከል በብዛት የሚታየው ነው። በዓለም ላይ ከ1,000 ሰዎች አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል። ዋናዎቹ ሁለት ዘረመሎች ፒኬዲ1 እና ፒኬዲ2 ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በ1994፣ ሁለተኛው በ1996 ተለይተው ታወቁ። ከወላጆች አንዱ በሽታው ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይለይም። ከረጢቶቹ ከልጅነት ጀምሮ ቀስ እያሉ ያድጋሉ። ጤነኛው የኩላሊት ክፍል ግን የተጎዳውን ድርሻ ደርቦ እየሠራ ስለሚቆይ፣ የደም ምርመራው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ደህና መስሎ ይቆያል። ክሬአቲኒኑ መጨመር ሲጀምር ጉዳቱ ርቆ ከሄደ ሰንብቷል።

የመለኪያው ጣጣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ መድኃኒት በሽታውን ያዘገየው እንደሆነ በእርግጠኝነት ለማወቅ ሕመምተኞቹ እጥበት እስኪጀምሩ ወይም እስኪሞቱ ድረስ መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። ሠላሳ ዓመት የሚጠብቅ ኩባንያም፣ ተመራማሪም የለም። ስለዚህ ሁሉም ተተኪ መለኪያ ይፈልጋል። አንዱ የኩላሊቱን መጠን በኤምአርአይ ይለካል። ሌላው ኩላሊት ደምን በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ያሰላል። ሦስተኛው ክሬአቲኒን በእጥፍ እስኪያድግ ይጠብቃል። አራተኛው የማጣራት አቅሙ በ40 በመቶ መውረዱን በቂ ነው ይላል። አምስተኛው ደግሞ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን ይለካል።

በ2020 በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኪድኒ ዲዚዝስ የታተመ አንድ ዳሰሳ የዚህን ልክ በቁጥር አሳይቷል። በፖሊሲስቲክ ላይ የተካሄዱ 68 የሕክምና ሙከራዎች ሲመረመሩ 1,413 የተለያዩ የውጤት መለኪያዎች ተገኙባቸው። እነዚያ ተጨምቀው በጉዳይ ሲመደቡ እንኳ 97 ዘርፎች ሆኑ። «ኩላሊቱ ምን ያህል ይሠራል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻውን በብዙ ደርዘን መንገድ ተለክቷል። ሕመምተኛው በየቀኑ የሚናገረውን ስቃይ ከቁም ነገር ቆጥረው የለኩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

ቁጥሩ ሲያምር ሰው ካልዳነ

መለኪያዎች መብዛታቸው ብቻ ቢሆን ችግሩ የወረቀት ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ጉዳዩ እርስ በርሳቸው መጣላታቸው ነው።

በ2010 ኤቬሮሊመስ የተባለ መድኃኒት በፖሊሲስቲክ ሕመምተኞች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞክሮ ነበር። የኩላሊቱን እብጠት አዘገየ። የማጣራት አቅሙን መውረድ ግን አላዘገየም። መለኪያህ መጠኑ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ መለኪያህ ሥራው ከሆነ አልሠራም። በ2014 የወጣው ሃልት የተባለ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ወጣት ሕመምተኞች ላይ የደም ግፊትን ከተለመደው በታች አውርዶ መያዝ የኩላሊቱን እድገት በ14 በመቶ ቀንሷል፤ የማጣራት አቅሙ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ የሚታወቀው የፖሊሲስቲክ መድኃኒት ቶልቫፕታን ታሪኩ በአብዛኛው የመለኪያ ክርክር ነው። በ2012 በ1,445 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ሙከራ የኩላሊቱን ዓመታዊ እድገት ከ5.5 ወደ 2.8 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። ጃፓን በ2014፣ አውሮፓ በ2015 ፈቀዱት። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን በ2013 አልቀበልም አለ። የፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2018 ሲሆን፣ ይህም 1,370 ሰዎችን ያካተተ ሁለተኛ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ነው። ያ ሙከራ የማጣራት አቅም በዓመት የሚወርድበትን መጠን ከ3.61 ወደ 2.34 እንደቀነሰ፣ ማለትም የ1.27 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ልዩነት እንዳመጣ አረጋግጧል። አንድ መድኃኒት፣ ሦስት ባለሥልጣን፣ ሦስት የተለያየ ጊዜ። ለልዩነቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት «የትኛውን መለኪያ እንመን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። አልፖርት በሚባለው፣ ከኩላሊት ጋር ጆሮንና ዓይንን በሚጎዳው የዘር በሽታ ላይ ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት ተሞክሮ የማጣራት አቅምን ከፍ ሲያደርግ ታየ። ቁጥሩ ያምራል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ አማካሪዎች ግን በታኅሣሥ 2021፣ 13 ለ0 ድምፅ ሰጥተው መድኃኒቱ ኩላሊትን ማዳኑ አልተረጋገጠም አሉ። የተዳከመን ኩላሊት በግድ ተጨማሪ ሥራ ማሠራት ቁጥሩን ለጊዜው ሊያስውበው ይችላልና። ደክሞ የቆመ በቅሎ ሲመቱት ይሮጣል፤ መሮጡ ግን ጤናውን አይመሰክርም።

የሁለት ሐዲዶች ከተማ

አሁን ወደ በረንዳዋ ሴት ልመለስ። ክሬአቲኒኗ 1.4፣ ዕድሜዋ 38፣ ክብደቷ 55 ኪሎ ነው። ኩላሊቷ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ለማወቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አሰላሁ።

በ1976 በወጣው የኮክሮፍትና ጎልት ቀመር 47 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በኤምዲአርዲ ቀመር 42። በዚያው ቀመር ለጥቁር ሰዎች ውጤቱን ከፍ የሚያደርገውን «ጥቁር» የሚለውን ማባዣ ስንጨምርበት 51። በ2009ኙ የሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር 48፤ «ጥቁር» ሲባል 55። የዘር ማባዣው ከተነሣ በኋላ በ2021 በተሻሻለው ቀመር ደግሞ 49። አንድ ሴት፣ አንድ ደም፣ ስድስት ቁጥር። ከ42 እስከ 55 ያለው ርቀት ተራ አይደለም። ከደረጃ ድንበሮቹ አንዱ 45 ላይ ስለሆነ፣ በአንዱ ቀመር የበሽታው ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሌላው ከፍ ይላል። በሙከራ ውስጥ ልትገባ ብትሞክር በአንዱ ትገባለች፣ በሌላው ትወጣለች።

ይህን ቁጥር ከላይ ካየነው ጋር እናስተያየው። ያ ሁሉ ገንዘብና አሥር ዓመት የፈጀው ቶልቫፕታን በዓመት ያተረፈው 1.27 ነው። በቀመር ምርጫ ብቻ የሚመጣው ልዩነት ግን 13 ነው። የቀመሩ ልዩነት የመድኃኒቱን የአሥር ዓመት ትርፍ ያህላል። ቀመሩን ሳይጽፍ «የማጣራት አቅሙ ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት፣ ተመራማሪ ጻፈው ላቦራቶሪ፣ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ድሬዳዋ መለኪያ ሳይገጥም ሲቀር ምን እንደሚመጣ በዓይኗ ያየች ከተማ ናት። በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ የደረሰው፣ ከተማዋንም የወለዳት የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ 1.435 ሜትር። ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወደብ ያመራሉ። የድሮው ፉርጎ ግን በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንዲት ክንድ አይራመድም። ያጣላቸው 43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት በሽታ ምርምርም እንዲሁ ነው። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሊያይ የሚችለው ጥቂት ቤተሰብ ነው። ፉርጎ በፉርጎ ላይ ካልተቀጠለ ባቡር አይሆንም፤ ጥናት በጥናት ላይ ካልተደመረም እውቀት አይሆንም። በተለያየ መለኪያ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ አይቀጠሉም።

ይህ የሩቅ አገር ወግ ብቻ አይደለም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በቡታጅራ ሆስፒታል 214 የስኳር ሕመምተኞችን መርምሮ የኩላሊት ድክመት ያለባቸው በኤምዲአርዲ 18.2 በመቶ፣ በኮክሮፍትና ጎልት 23.8 በመቶ ሆነው አግኝቷል። ያው ሰው፣ ያው ደም ነው። ጥናቱ ሁለቱንም ቁጥሮች በግልጽ ማስቀመጡ የሚያስመሰግነው ነው። አንዱን ብቻ ጽፎ ቢያልፍ፣ ከዚያ ቀጥሎ በሌላ ቀመር የሠራ ተመራማሪ «ከቡታጅራ ይልቅ የእኛ ጋ በሽታው በዝቷል» ብሎ ባወጀ ነበር፤ የተለወጠው በሽታው ሳይሆን ቀመሩ ሆኖ ሳለ።

በአገራችን የሚታተሙት አብዛኞቹ የኩላሊት ጥናቶች ሌላም ችግር አለባቸው፤ በአንድ ቀን ልኬት ይቋጫሉ። ዓለም አቀፉ መመሪያ ግን ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ለማለት ጉዳቱ ከሦስት ወር በላይ መቆየት አለበት ይላል። ዐቢይ ጾም እያለቀ ደም የሰጠ ሰውና በፋሲካ ማግስት ሥጋ በልቶ ደም የሰጠ ሰው ክሬአቲኒናቸው እኩል አይነበብም፤ የተቀቀለ ሥጋ ራሱ ክሬአቲኒን ይጨምራልና። በረመዳን፣ በድሬ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ የመጣም እንዲሁ። የደም ግፊትም ጠዋት ከተለካውና ከበርጫ በኋላ ከተለካው የተለየ ይሆናል፤ ጫት ለሰዓታት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ይህን በወረቀቱ ላይ የማይጽፍ ጥናት ድሬዳዋን ለክቻለሁ ማለት አይችልም።

«ጥቁር» የሚለው ማባዣና የእኛ ዘረመል

የዘር ማባዣው ነገር ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው። ማባዣው የተገኘው ከጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በአፍሪካውያን ላይም ተጫነ። ሴትየዋ 48 የነበረችው በዚያ ማባዣ 55 ስትሆን፣ ኩላሊቷ አልተሻለውም፤ ቅጹ ላይ የተደረገው ምልክት ብቻ ነው የተለወጠው።

በ2010 ተመራማሪዎች አፖኤል1 በሚባል ዘረመል ላይ ጂ1 እና ጂ2 የተባሉ ሁለት ለውጦችን አገኙ። ለውጦቹ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመነጩ ሲሆን፣ ከእንቅልፍ በሽታ ተሐዋሲ የሚከላከሉ ሆነው ተስፋፍተዋል። ከሁለቱም ወላጅ የወረሳቸው ሰው ግን ለኩላሊት ጉዳት በጣም ይጋለጣል። በዓመቱ በ2011 ሌላ ጥናት አንድ የእስራኤልና አንድ የኢትዮጵያ የሕክምና ማዕከል የሚከታተሏቸውን ኤችአይቪ በደማቸው ያለ 338 ትውልደ ኢትዮጵያውያን መረመረ። ጂ1 እና ጂ2 አልተገኙም፤ ኤችአይቪ የሚያመጣው የታወቀ የኩላሊት በሽታም አልተገኘም። አንድ ቀለም አንድ ኩላሊት አያደርግም ማለት ነው።

ዛሬ በአፖኤል1 ላይ ያነጣጠሩ መድኃኒቶች በሙከራ ላይ ናቸው። ኢናክሳፕሊን የተባለው በ2023 በታተመ ሙከራ በ13 ሳምንት ውስጥ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ለጋና፣ ለናይጄሪያና ለጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ ተስፋ ነው። የእኛን ሕመምተኞች ግን «አፍሪካዊ» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ከቶ ያንን ተስፋ ማውረስ ስሕተት ይሆናል። የእኛ ቤተሰቦች ምን እንደወረሱ የሚታወቀው የእኛ ቤተሰቦች በወጉ ሲመዘገቡ ነው።

ለዚህ ደግሞ ብዙ አገር የሌለው ሀብት አለን። ብዙዎቻችን ሰባት ቤት ሳንቆጥር አንጋባም። ድሬዳዋ ውስጥ የሶማሌ ልጅ የአባቶቹን ስም እየደረደረ አብቲርሲ ሲቆጥር፣ የኦሮሞ ሽማግሌ ጎሳ ሲያሰላ፣ የአማራ እናት «በማን በኩል ነው የምትዛመዱት?» ብላ ስትመረምር መስማት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሌላው ዓለም ለዘረመል ጥናት ሰው ቀጥሮ የሚያስቆፍረውን የዘር ሐረግ እኛ በቃል እንይዘዋለን። የቀረን «እሱስ በስንት ዓመቱ ታመመ? በምን ሞተ?» የሚለውን ጨምሮ መጻፍ ነው።

ማን ተጠይቆ ተመረጠ?

ወደ መፍትሔው እንለፍ። በ2014 ሶንግ የተባለ ዓለም አቀፍ ጥምረት ሥራ ጀመረ፤ ማስተባበሪያው ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ነው። አካሄዱ ቀላልና ብልህ ነው። ሕመምተኞችን፣ አስታማሚዎችንና ሐኪሞችን አንድ ላይ አስቀምጦ «ማንኛውም ጥናት ሳይለካው ማለፍ የሌለበት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለፖሊሲስቲክ አራት ነገሮች ተመረጡ፤ የኩላሊት ሥራ፣ ሞት፣ የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ሕመም። ተመራማሪው ከዚህ በላይ የፈለገውን መለካት ይችላል፤ ከዚህ በታች ግን አይወርድም። የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ተመሳሳይ ስምምነት ፍለጋ የጀመሩት በ1992 ነበር፤ ዛሬ ጥናቶቻቸው እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ከአራቱ ውስጥ ሕመም መግባቱን እንደ ድል ነው የማየው። ቁጥሩን ብቻ ሲያዩ ለኖሩ ሐኪሞች ሕመምተኛው ያስገባው ነጥብ ነውና። ነገር ግን ሕመምተኞቹ ቅድሚያ የሚሰጡትን እንዲናገሩ የተደረገበት ቀዳሚ ጥናት የተካሄደው በአውስትራሊያ፣ በፈረንሳይና በደቡብ ኮርያ ነው። የድሬዳዋዋ ሴት ብትጠየቅ ምን ትል ነበር?

እኔ ጠይቄያታለሁ። ስለ ሕመሙ ስትናገር «ከዜሮ እስከ አሥር» አላለችም። «ጎኔን ሲወጋኝ እታገሠዋለሁ፤ ሲጠዘጥዘኝ ግን እንጀራ መጋገር አልችልም» አለች። መውጋትና መጠዝጠዝ በእሷ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚለካውም ምጣዱ ፊት ቆማ ስንት እንጀራ ማውጣት እንደቻለች ነው። ከዚያ ቀጥላ ያነሣችው ከአራቱ ውስጥ የሌለ ነገር ነው፤ «ለልጆቼ አውርሼው ይሆን?» የሚለው ጭንቀት። ቶልቫፕታን ሽንት በብዛት የሚያስወጣ፣ የማያቋርጥ ውኃ ጥም የሚያመጣ መድኃኒት መሆኑን ስነግራት ደግሞ ዝም ብላ ሜዳውን አየች። ሲድኒ ላይ «መለስተኛ የጎንዮሽ ጉዳት» ተብሎ የሚመዘገበው ጥም፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበትና ቧንቧ በሚቆራረጥበት ሰፈር መድኃኒቱን የሚያስጥል ነገር ነው።

የኩላሊት ሥራ የሚለው መለኪያም ከእኛ ኑሮ ጋር ሲገናኝ ይሰነጠቃል። ብዙ ዓለም አቀፍ ሙከራዎች የመጨረሻውን ውጤት የሚቆጥሩት ሕመምተኛው እጥበት በጀመረበት ቀን ነው። እጥበት የሚጀመረው ኩላሊት ሲደክም በሆነበት አገር ይህ ትክክል ነው። በእኛ አገር ግን እጥበት የሚጀመረው ገንዘብ ሲገኝ ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባቸው ሁለት ጊዜ የሚታጠቡ ብዙዎች ናቸው። ሳይጀምር የሞተ ሰው በዚያ መለኪያ «ኩላሊቱ አልደከመም» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የከፋው ጉዳት ደህንነት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ በእኛ መዝገብ ላይ ሁለት ቀኖች ተለያይተው መጻፍ አለባቸው፤ ሐኪሙ እጥበት ያስፈልጋል ያለበት ቀንና እጥበቱ በእርግጥ የተጀመረበት ቀን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ አገራችንን የሚለካ መለኪያ ነው።

ቅንጦት ነው የሚሉን

«የሚታጠብበት ላጣ ሰው ስለ መለኪያ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ከቅን ልብ የሚወጣ ጥያቄ ስለሆነ አከብረዋለሁ። መልሴ ግን ተቃራኒው ነው። ሀብታም አገር መለኪያ ሲያበላሽ የሚያባክነው ገንዘብ ነው፤ እኛ ስናበላሽ የምናባክነው የማይደገም ዕድል ነው። እንደ ሊሲኖፕሪል ያሉ ርካሽ የግፊት መድኃኒቶች በየፋርማሲው አሉ። በእኛ ቤተሰቦች ላይ በሽታውን ምን ያህል ያዘገያሉ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ውድ ማሽን አያሻም፤ ለአሥር ዓመት በአንድ ዓይነት መንገድ መጻፍ ነው የሚያሻው።

ውድ መለኪያ ሁልጊዜ የተሻለ መለኪያ ነው የሚለውም እምነት መፈተሽ አለበት። ክሪስፕ የተባለው የአሜሪካ የረጅም ጊዜ ክትትል በ2015 ባወጣው ጽሑፍ፣ በተራ አልትራሳውንድ የተለካ የኩላሊት ርዝመት ከ16.5 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ በቀጣዮቹ 8 ዓመታት የኩላሊቱን መድከም እንደሚጠቁም አሳይቷል። ጤነኛ ኩላሊት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። አልትራሳውንድ ድሬዳዋ ላይ አለ። የጠፋው የሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ነው።

ስለዚህ የድልጮራና የሳቢያን ሆስፒታሎች፣ የግል ክሊኒኮች፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ሐረር ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ በአንዲት ገጽ ቅጽ ላይ ቢስማሙ ምን እንደሚበዛበት አይታየኝም። ክሬአቲኒኑ ከነአሃዱ፤ ከዚያ ጋር ዕድሜ፣ ጾታና ክብደት፣ ቀመሩ ነገ ቢለወጥ መልሶ ለማስላት እንዲቻል። የእያንዳንዱ ኩላሊት ርዝመትና የከረጢቶቹ ብዛት በግራና በቀኝ። የደም ግፊት፣ የተለካበት ሰዓት፣ ከጫት በፊት ይሁን በኋላ። ጾም ላይ መሆን አለመሆኑ። ሕመሙ፣ በራሷ ቃል። ሁለቱ የእጥበት ቀኖች። የልብና የደም ሥር በሽታ ካለ፤ ሞት ካጋጠመም ቀኑ። በስተጀርባው ደግሞ የቤተሰቡ ሐረግ፤ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን። ከሶንግ አራት መለኪያዎች አንዱም አልጎደለም፤ የእኛ ጨምሮ ገብቷል። ይህ ቅጽ ሲሞላ የድሬ ፉርጎ ከሲድኒው ባቡር ጋር ይቀጠላል፤ የጫነው ግን የራሱን ጭነት ነው።

ወንድምየው

በረንዳው ላይ የነበረው ታናሽ ወንድም ሰዓቱን ሁሉ ሲያዳምጥ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «አንድ ቀን ቢያስፈልጋት እኔ ልሰጣት እችላለሁ?»

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲካሄድ፣ ፕሮግራሙ የቆመው ሕያው ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ላይ ነው። በሌሎች በሽታዎች የሥጋ ዘመድ የመጀመሪያ ተስፋ ነው። በዘር በሚተላለፍ በሽታ ግን ያው ዘመድ የመጀመሪያ ጥርጣሬም ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ በአልትራሳውንድ ከሁለት ያነሰ ከረጢት ከተገኘበት በሽታው የለበትም ለማለት ያስደፍራል። እሱ ግን 29 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ተራው አልትራሳውንድ «ንጹሕ» ቢልም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ኤምአርአይ ወይም የዘረመል ምርመራ ይጠየቃል። ለመመርመር ሁለት ጉዞ አለበት፤ አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከዓመታት በኋላ፤ ምናልባትም በሌላ ሐኪም፣ በሌላ ከተማ።

ያኔ የሚያየው ሐኪም የዛሬውን ወረቀት ማንበብ መቻል አለበት። «ከረጢቶች አሉ» ወይም «የሉም» ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ ምርመራው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በቀኙ ይህን ያህል፣ በግራው ይህን ያህል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር፣ በዚህ ቀን ተብሎ ከተጻፈ ግን፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ይናገራል። ለእህቱ መስጠት መቻሉን የሚወስነው ያ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሊመረመር እንደሚሄድ ነገረኝ። ስንለያይ በማስታወሻ ደብተሬ አንድ ገጽ ላይ ሐኪሙ እንዲጽፍለት የሚጠይቃቸውን አራት ቁጥሮች ጽፌ ቀድጄ ሰጠሁት። አጥፎ በሸሚዝ ኪሱ ከተተው፤ ወደ ፌስታሉ አልጨመረውም።